የባሕረኛው ጎራዴ ጥምጥም

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ሌላው ይናገርልኛል ብዬ ከጠበቅሁ እንደጠበቅሁ እሞታለሁ። በሎስ አንጀለስ ከተማ የጥንት ጎራዴ እጀታው ወይም አፎቱ የተጠመጠመበት ራታን ሲበጣጠስ፣ እንደነበረ አድርጎ የሚመልስ ሰው ከተፈለገ የሚጠራው እኔ ነኝ። ከሳንታ ሞኒካ እስከ ፓሳዲና ያሉ የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ስልኬን ያውቁታል። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ እነሱም ብዙ አያወሩኝም። ዕቃውን አስቀምጠው ይሄዳሉ፣ እሠራለሁ፣ ተመልሰው ሲያዩት ዝም ይላሉ። የፈረንጅ ዝምታ ከሐበሻ ጭብጨባ ይበልጣል።

ራታንን ለማያውቅ፦ በሩቅ ምሥራቅ ጫካ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ሐረግ ነው። ከላይ ሲያዩት ቀርከሃ ይመስላል፤ ሲቆርጡት ግን ውስጡ ድፍን ነው። ተሰንጥቆ ልጥ ሲሆንና ውኃ ሲጠጣ እንደ እርጥብ ጠፍር ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። የበርማ፣ የፊሊፒንስ፣ የቦርኒዮ ሰዎች የጎራዴያቸውን እጀታ በእሱ ይጠመጥማሉ፤ ከሁለት ግማሽ እንጨት የተጋጠመውን አፎትም በእሱ ያስሩታል። መቶ ዓመት ሲሞላው ይደርቅና እንደ አሮጌ ገለባ ይሰባበራል። ያኔ ነው እኔ የምፈለገው።

ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርቴንም ገና ልጅ ሳለሁ ነው ያቋረጥኩት። እዚህ አገር ስመጣ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የምሠራው፤ በመግቢያው ባለችው ዳስ ውስጥ ተቀምጬ መኪና አስገባለሁ፣ መኪና አስወጣለሁ። አንድ ቀን ከጎናችን ካለው ሕንፃ መቀመጫው ግማሹ የተቀደደ የራታን ወንበር አውጥተው ጣሉ። ወደ ዳሷ ይዤው ገባሁ። ደህናውን ግማሽ እየፈታሁ የተቀደደው ግማሽ እንዴት ሆኖ እንደነበረ አወቅሁ። መኪናውን እኛ ዘንድ የሚያቆም የጥንት ዕቃ ነጋዴ ወንበሩን አየ፣ ሌላ ወንበር አመጣልኝ፣ ከዚያ ቅርጫት አመጣልኝ፣ ከዚያ አንድ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጎራዴ አመጣልኝ። ያን ጎራዴ የሠራሁት ማንንም ሳልጠይቅ ነው። ዛሬ ልጆች በስልካቸው ቪዲዮ አይተው ሁሉን ያወቁ ይመስላቸዋል። እኔ ያየሁት የሞቱ ሰዎችን እጅ ነው፤ ጥምጥማቸውን ፈትቼ።

በገዛ ሰፈሬ ግን፣ በፌርፋክስ ጎዳና በእኛ ሰዎች መካከል፣ ይህ ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። የሰዎቻችን ማኅበር በየዓመቱ አዳራሽ ተከራይቶ ሰው ይሸልማል። ሐኪም ይሸልማል፣ የሒሳብ አዋቂ ይሸልማል፣ ቤት ደላላ ሳይቀር ወጥቶ መስተዋት ያለበት ሽልማት ሲቀበል ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። እኔን መድረክ ላይ የጠራኝ የለም። ስሜ እዚያ “ወንበር ጠጋኙ” ነበር። ይህን ስም ያወጣልኝ ደግሞ ወዳጄ ባሕረኛው ነው።

ባሕረኛው በወጣትነቱ በአገራችን የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ዘይት ቀቢ ሆኖ ብዙ ወደብ የዞረ ሰው ነው። በኋላ እንደ ሁላችንም ስደተኛ ሆኖ እዚህ መጣ፣ ታክሲ ነዳ፣ ጉልበቱ ሲደክም ተወው። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ኮሪያታውን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳው ላይ ከበርማ ወደብ የገዛው ረጅም ጎራዴ ተሰቅሏል። እጀታው ከላይ እስከ ታች በራታን ልጥ የተጠመጠመ፣ አፎቱም በየስንዝሩ በራታን ቀለበት የታሰረ ነበር። እኔ ባወቅሁት ጊዜ ልጡ ጠቁሮ፣ ተሰንጥቆ፣ ጫፉ እንደ ሽማግሌ ቅንድብ ቆሞ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ነው። አውርደህ ስጠኝ ስለው ይስቃል።

ምሳ የምንበላው ፌርፋክስ ላይ አንዲት ሴት በምታስተዳድረው ምግብ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ነበር። እኔ፣ ባሕረኛው፣ ከእኛ በዕድሜ የሚያንስ አንድ ታክሲ ነጂም። ባለቤቷም ሥራ ቀለል ሲላት ትቀመጣለች። እኔና ባሕረኛው መጣላታችን የምሳው አንዱ ክፍል ነው።

“አንተ ወንበር ጠጋኝ፣ ዛሬ የማንን ቂጥ ማስቀመጫ ስትሰፋ ዋልክ?” ይለኛል ገና ስገባ።

“ካፒቴን!” እለዋለሁ እኔም፣ “መርከቡን የት ፓርክ አደረግከው? ቲኬት እንዳይለጥፉብህ።”

ታክሲ ነጂው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። ባሕረኛው ግን አይለቅም። “እኔ በርማ ያየኋት አሮጊት የልጡን ጫፍ በጥርሷ ይዛ በሁለት እጇ ስትጠመጥም ብታያት፣ የጫማህን ክር ለማሰር እንኳ ታፍር ነበር። አንተ ደግሞ እንደ ሰፌድ ሰፊ ወስፌ ይዘህ! ወስፌ የያዘ ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ?” ይላል ወደ ባለቤቷ ዞሮ።

“ይተዉአቸው ጋሼ፣ እንጀራቸው ነው” ትላለች እሷ። ያ ደግሞ ከስድቡ ይብሳል።

ለምን እንደታገሥኩት ልንገራችሁ። ነጋዴዎቹ የሚያዩት የተሠራውን ነው፤ ሲሠራ አላዩም። በዚህ ጎዳና ላይ ጥምጥሙ በአገሩ፣ በባለቤቶቹ እጅ ሲሠራ ቆሞ ያየ ባሕረኛው ብቻ ነበር። ሌላው ቢያደንቀኝም አያውቅም፣ ቢንቀኝም አያውቅም። እሱ ያውቃል። ስለዚህ የምፈልገው ቃል ከእሱ አፍ የሚወጣ ነበር፤ ሰው ባለበት፣ በዚያ ጠረጴዛ ላይ።

አንድ ዓመት መስከረም ጠባ እንዳለ፣ አዲስ አበባ ያለች እህቱን ለማየት ሊሄድ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ሥራ ቦታዬ ከፌርፋክስ ጀርባ ካለ አፓርታማ ሥር የተከራየሁት ጋራዥ ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፏል።

“በባስ ነው ይዤው የመጣሁት” አለኝ እያለከለከ። “ሹፌሩ ምንድን ነው ቢለኝ የመጋረጃ ብረት ነው አልኩት።”

ፎጣውን ሲገልጠው ጎራዴው ነው። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ።

“ስማ” አለ። “ስመለስ እዚያ ምግብ ቤት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለህ። በጥፍሬ እሞክረዋለሁ። ከዚያ በጥርሴ እሞክረዋለሁ።”

“ጥርስ የት አለህና?”

“የቀሩት ለአንተ ይበቃሉ። ካልተነቃነቀ ተነሥቼ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይህ ሰው ባለሙያ ነው እላለሁ። ከያቺ አሮጊት ጋር ተስተካክሏል እላለሁ።”

“ከተነቃነቀስ?”

“ወንበር ጠጋኝ ብለን እንቀብርሃለን።”

እጅ ተጨባበጥን። በማግሥቱ ሄደ።

አሮጌ ጥምጥም በቢላ አይቆረጥም። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነህ ታለሰልሰዋለህ፣ ከዚያ ጫፉን በወስፌ ፈልቅቀህ አንድ በአንድ ዙሩን እየቆጠርህ ትፈታለህ። የሠራው ሰው ከየት እንደጀመረ፣ ወደ የትኛው እጅ እንደዞረ፣ ልጡ ሲያልቅበት የት እንደቀጠለ እያሳየህ ይሄዳል። የባሕረኛው እጀታ ሠሪ ከታች ጀምሮ ወደ ግራ የዞረ ሰው ነበር። መቀጠያውን ለማግኘት አጉሊ መነጽር ይዤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ የሁለተኛውን ልጥ ጅማሬ ከአውራ ጣት ማረፊያው በታች፣ ከሌሎቹ ዙሮች ሥር ቀብሮት ነበር። ያን ሳይ ለብቻዬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። እንደ እኔ ያለ ተንኮለኛ ነበር።

አዲሱን ሐረግ ሰነጠቅሁ። እንጨት ላይ ጎን ለጎን በተከልኳቸው ምላጮች መካከል እየጎተትኩ ስፋቱን አስተካከልኩ። ለብ ባለ ውኃ ነክሬ አውራ ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት፤ ሳይሰነጠቅ ከዞረ ደርሷል ማለት ነው። ከጀመርህ ማቆም የለም፤ ስልክ ቢጮህ፣ በር ቢንኳኳ አይነሣም፤ እየደረቀ ነዋ። ጨረስኩና አደረ። ጠዋት ስመለስ ከኋላ በኩል ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጥቋል። ከበረሃው የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሌሊቱን ነፍሶ ነበር፤ ያን ነፋስ የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከንፈር ያደርቃል፣ ተራራውን ያቃጥላል። በርማ እንዲህ ያለ ነፋስ የለም። ያቺ አሮጊት እዚህ ብትመጣ እሷም ይሰነጠቅባት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይተወው ነበር። እኔ ሁሉንም ፈትቼ ጣልኩ፣ ጋራዡ ውስጥ ዙሪያውን እርጥብ አንሶላ ሰቀልኩ፣ ማንቆርቆሪያ ጥጄ እንፋሎት ሞላሁበት፣ እንደ ጸበልተኛ ላብ በላብ ሆኜ እንደገና ጠመጠምኩ። በዝግታ ደረቀ። አልተሰነጠቀም። ከዚያ በወፍራም ሻይ ደጋግሜ ቀብቼ ቀለሙን ከአፎቱ አሮጌ ቀለበቶች ጋር አቀራረብኩት።

ይህን ሁሉ በየቀኑ ምሳ ላይ እነግራቸው ነበር። ስለ መቀጠያው ነገርኳቸው፣ ስለ ነፋሱ ነገርኳቸው፣ ስለ አንሶላው ነገርኳቸው። ባሕረኛው ሲመጣ የሚሆነውንም ነገርኳቸው። “ተነሥቶ ሲቆም ማየት ነው!” አልኳቸው። “ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ!”

በዚያን ጊዜ ጠረጴዛችን ተለውጦ ነበር። ቀልድ ጠፋ። ታክሲ ነጂው፣ በሁሉ ነገር የሚከራከረኝ ሰው፣ አንገቱን እየነቀነቀ “ትክክል ነው ጋሼ፣ ትክክል ነው” ይለኛል። ባለቤቷ ሳልጠይቅ ወጥ ትጨምርልኛለች። አንድ ጊዜ ሒሳብ አልቀበልም አለችኝ። በመጨረሻ ገባቸው አልኩ። ባሕረኛው ዞር ሲልላቸው ሰው ለዩ፣ ሙያ አወቁ አልኩ። ደረቴን ነፍቼ እገባለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ።

እሱ ግን ሞቶ ነበር።

አዲስ አበባ በገባ በጥቂት ቀን፣ እህቱ ቤት፣ ከተኛበት ሳይነሣ ቀርቷል። በአሜሪካ ያለው ዘመዱ ኢንግልዉድ የሚኖር፣ ኤርፖርት የሚሠራ የእህቱ ልጅ ብቻ ነው። ሰዎቻችን ለእሱ መርዶውን እንደ ወጉ ሄደው በማለዳ አረዱት፤ ሥራ ከመውጣቱ በፊት፣ ሽማግሌ ይዘው። አለቀሱ፣ ፍራሽ አነጠፉ፣ ተቀመጡ። ታክሲ ነጂው ሰው ያመላልስ ነበር። ምግቡ የተላከው ከዚሁ ምግብ ቤት ነው። ለለቅሶው የተቀዳው ወጥ እኔ ምሳ ከምበላበት ድስት ነው የተቀዳው።

የእኛ ወግ እንዲህ ነው፦ መርዶ በስልክ አይነገርም። ምሳ ጠረጴዛ ላይ፣ እህል በአፍ እያለ አይነገርም። ማለዳ ነው፣ ሰብሰብ ብሎ ነው፣ ለሥጋ ዘመድ ነው። እኔ ደግሞ ዘመድ አይደለሁም። እንደ ዘመድ ተቆጥሬ በማለዳ በሬ አልተንኳኳም። እንደ ባዕድ ተቆጥሬም “ሰማህ፣ እገሌ እኮ ሞተ” አልተባልኩም፤ የዚያን ያህል ዘመን አብሬው ስጣላ አይተውኛልና። ስለዚህ ከሁለቱም ወደቅሁ። ታክሲ ነጂው ባለቤቷ ትንገረው አለ። ባለቤቷ ልጁ ትንገረው ብላ ቫን ናይስ ለምትኖረው ልጄ ደወለች። ልጄ ቅዳሜ እመጣለሁ አለች፤ ቅዳሜ ሥራ ገባች፤ ለሌላ ቅዳሜ አለች። በመካከሉ እየደወለች “አባዬ ደህና ነህ? የደም ግፊት መድኃኒትህን ወስደሃል?” ትለኛለች። ልጄ ዛሬስ አሰበችኝ ብዬ ለእሷም ስለ ጎራዴው አወራሁላት።

ሥራው አልቆ ጎራዴውን በዚያው ፎጣ ጠቅልዬ ወደ ምግብ ቤቱ ይዤ የሄድኩ ቀን ቀትር ነበር። ቤቱ ሞልቷል። ከጎናችን አንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት በእጃቸው መጉረስ እየተማሩ ይስቃሉ። ጎራዴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ለታክሲ ነጂው፣ “እስኪ ካፒቴኑ መቼ ነው የሚመጣው? ስልኩን እኮ ዘግቶታል፤ ለካርድ ሲሰስት!” አልኩት።

“ጋሼ…” አለ። እጁን በናፕኪን ደጋግሞ ጠረገ።

ያኔ በሩ ተከፈተና የባሕረኛው የእህት ልጅ ገባ። በሁለት እጁ ትልልቅ ድስቶች ይዟል፤ የምግብ ቤቱን ድስት ሊመልስ መምጣቱ ነበር። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ጢሙ አድጓል። ሲያየኝ ድስቶቹን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

“ጋሼ” አለኝ፣ “እርስዎን እኮ ጠብቄ ነበር።”

“ለምኑ?”

ጥቁሩን አየሁ። ጢሙን አየሁ። “ለማን ነው የለበስከው?” አልኩት።

ወደ ታክሲ ነጂው ዞረ። “አልነገራችኋቸውም እንዴ?”

“ሶ… እኛ ልጃቸው ትነግራቸዋለች ብለን…”

“ኦኬ፣ ግን አርባው እኮ ቅዳሜ ነው!” አለ ልጁ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አጎቴ አርፏል ጋሼ። እርስዎ ሲቀሩ ተጣልተው ነው ብዬ ነበር። እናቴም በስልክ ጠይቃኛለች። ያ ወዳጁ መጣ ወይ እያለች።”

ተቀመጥኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ቀትር ነው፣ ቤቱ ሞልቷል፣ ፈረንጆቹ ጉርሻ እየተጎራረሱ ነው። በእኛ ወግ ለዚህ ሰዓት የተሰጠ ለቅሶ የለም።

“ታውቂ ነበር?” አልኳት ባለቤቷን።

“ጋሼ፣ ሥራዎን ይጨርሱ ብለን ነው። እንዲያ ደስ ብሎዎት ሲሠሩ ማን ሥራ ያስፈታዎት?”

“ደስ ብሎኝ!”

“ደግሞስ ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ መቼ ፋታ ሰጡን? ይገባሉ፣ ስለ ራታን ያወራሉ፣ ይወጣሉ። እኛ በየት በኩል እንናገር?”

“ወጥ ስትጨምሪልኝ ፋታ ነበረሽ” አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም።

“የደም ግፊትዎን ፈርተን ነው” አለ ታክሲ ነጂው።

“አሁን ለካው! መጥተህ አሁን ለካው!”

ፈረንጆቹ ዘወር አሉ። ባለቤቷ ፈገግ ብላ በእንግሊዝኛ ምንም አይደለም አለቻቸው። ምንም አይደለም! ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ እስከ ዛሬ በጆሮዬ ያለው እሱ ነው።

ልጁ ድስቶቹን እየገፋ አጠገቤ መጣ። “ያ የእሱ ጎራዴ ነው?” አለ ፎጣውን እያየ። “እናቴ ስለ ዕቃው ስትጠይቀኝ እርስዎ ጋ ነው አልኳት። እኔ ልውሰደው?”

የሟች ዕቃ የዘመድ ነው። ለዚህ ወግ አለ፤ ግልጽ ነው፣ ማንም አይሳሳትበትም። ፎጣውን ገለጥኩለት። እጀታው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያበራ ነበር። ዙሮቹ እንደ ጥርስ ተገጥግጠዋል። መቀጠያው የት እንደሆነ እኔ ራሴ ፈልጌ ነው የማገኘው።

“ዋው” አለ ልጁ። “ቆንጆ ነው ጋሼ።” ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው።

“በጥፍርህ ሞክረው” አልኩት።

“እ?”

“ጥፍርህን በዙሮቹ መካከል አስገባና ለመፈልቀቅ ሞክር።”

ለይሉኝታ ያህል ነካ አደረገው፤ የታመመ ሰው እጅ እንደሚነካ። “ጠንካራ ነው ጋሼ። ኦኬ ነው።”

“እንዲያ አይደለም። ጠንከር አድርገህ። በጥርስህ ሞክረው።”

ልጁ ወደ ታክሲ ነጂው ተመለከተ። ሐዘኑ አእምሮዬን የነካው መሰለው። “ጋሼ፣ ይተዉት ግድ የለም” አለኝ በለሆሳስ። “ኦኬ ነው አልኩዎት እኮ።”

ኦኬ። ለስንት ሳምንት ላብ የተሰጠኝ ቃል ይህ ነው፤ ከማያውቅ ሰው፣ በይሉኝታ፣ ቆሞም አይደለም፤ ድስቶቹ ላይ ጎንበስ ብሎ። ያ የማውቀው ክፉ አፍ፣ ቢሰድበኝም ምን እንደሰደበ የሚያውቅ አፍ፣ አፈር ውስጥ ነበር። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ለቅሶው ላይ አልተቀመጥኩም። እሱ ሲለቀስለት እኔ ስለ እሱ ጉልበት እየቀለድኩ ወጥ እበላ ነበር።

ፎጣውን ራሴ ጠቀለልኩና ሰጠሁት። የት ልታኖረው ነው አልኩት። “ልጆች ስላሉ ሚስቴ አትፈቅድም ጋሼ፤ ለጊዜው የልብስ ክሎዜት ውስጥ፣ ከላይ” አለኝ። መኪናው ድረስ ሸኘሁት። ከኋላ ወንበሩ ላይ በልጆቹ መቀመጫ መካከል አጋደመው። “ከላዩ ብረት አትጫንበት፣ ሙቀት ውስጥ አትተወው” አልኩት። “ኦኬ ጋሼ” አለ፣ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ምግብ ቤቱ አልተመለስኩም፤ ብዙ ሰው ሊያስታርቀን ሞከረ። ሽማግሌ ተላከብኝ። የተጣላሁ እንዳይመስላቸው፣ አልተጣላሁም አልኳቸው። “ታዲያ ለምን አትመጣም?” አሉኝ። “መርዶ ሲኖራችሁ ጥሩኝ” አልኳቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹ አልሳቁም።

እንግዲህ የሠራሁትንና የቻልኩትን ልቁጠር፤ ሌላ ቆጣሪ የለኝም።

ያለ አስተማሪ፣ ከተጣለ ወንበር ተነሥቼ፣ የማላውቀውን አገር ሰዎች እጅ አውቄያለሁ። የጠመጠምኩት ተፈትቶ የተመለሰልኝ የለም።

በርማ አገር በማይነፍስ ነፋስ ውስጥ የበርማ እጀታ ሳይሰነጠቅ አድርቄያለሁ።

መቀጠያውን ከአሮጌው ሠሪ ይልቅ አሳምሬ ቀብሬዋለሁ። ይህን የሚመሰክር ሰው ስለሌለ እኔ እመሰክራለሁ።

አርባው ላይ ኢንግልዉድ ሄጃለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ገና አሁን እንደሞተ ቆጥሬ ጮኼ አለቀስኩ። ሰዎቹ ለቅሶ አብቅቶ ፀሎት ላይ ነበሩና ደነገጡ። ይደንግጡ።

የሟችን እህት ከአዲስ አበባ በስልክ አነጋግሬ፣ አለመስማቴን ራሴ ነገርኳት። አመነችኝ።

ሞት ሲሰማ በተመቻት ጊዜ የሚነገረኝ ሰው እንዳልሆንኩ ለልጄ አስታውቄያታለሁ። እኔ ስሞት ለሰው ሁሉ በዚያው ሰዓት፣ በስልክም ቢሆን፣ ምሳ ላይም ቢሆን እንዲነገር አዝዣታለሁ። አልቅሳ እሺ ብላኛለች።

የማኅበሩ ሰዎች በዚያ ዓመት ሊሸልሙኝ ደውለው ነበር። ስሜን ከዝርዝሩ እንዲያወጡት አድርጌያለሁ።

ምሳዬን አሁን በጎዳናው ማዶ እበላለሁ። ወጡ ጨው ይበዛዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አፎቶችና አንድ የቦርኒዮ ጎራዴ ጨርሻለሁ፤ እንዴት እንደሠራሁት ለአንድም ሰው አልነገርኩም።